ልጅቷን ማን ጻፋት

ጥር 5

ዛሬ ሦስት ውክልና፣ የማኅበር ስብሰባ ጥሪ፣ አንድ የፍቺ ማመልከቻ። የፍቺዋ ሴትዮ "ረጋ ያለ አድርጊልኝ" አለችኝ። ረጋ ያለ አደረግኩት። ስታነበው ሐሳቧን ልትለውጥ ነበር። ከዚያ ባሏ ደወለ... አልለወጠችም።

ከምሳ ዕረፍት በኋላ የጽሕፈት ሱቃችን እንደተከፈተ አንድ ሐበሻ ገባ። የከባድ መኪና ሾፌር መሆኑ በግራ ክንዱ ያስታውቃል። በመስኮት የሚወጣው ክንድ ከሌላው የጠቆረ ነው። ሰማያዊ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"እህቴ፣ አማርኛ ትጽፊያለሽ አሉኝ።"

"ምንድን ነው? ውል?"

"ልብ ወለድ።"

ኡሙልኸይር ቀና አለች። የሱቁ ባለቤት እሷ ናት፤ አለቃዬ። ሐበሻ ደንበኛ ሲገባ አማርኛ የማትሰማ ትመስላለች። ሐበሻ በሞላበት ሰፈር፣ ካርቲየ 3፣ ተወልዳ አድጋ አማርኛ የማትሰማ...

"ስለ ምንድን ነው?" አልኩት።

"አባትና ልጅ ናቸው። ገላ ይለዋወጣሉ። ጠዋት ሲነቁ እሱ እሷ ሆኗል፣ እሷ ደግሞ እሱ።"

"ለአዋቂ ነው ለልጅ?"

"ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ።"

ሰውዬው ባንቲሁን ይባላል። ደረሰኙ ላይ "የጽሑፍ ዓይነት" በሚለው ቦታ "ልብ ወለድ" ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ፣ የመጀመሪያው ነው።

ጥር 6

ምዕራፍ አንድን ጨረስኩ። ደብተሩ ውስጥ አቧራ አለ፤ ገጽ በተገለጠ ቁጥር ኪቦርዱ ላይ ይወርዳል። ከወደቡ ከተማ ወጣ ብሎ ፒኬ 12 የሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ተራ ሲጠብቅ ነው የሚጽፈው።

ታሪኩ፦ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጁ አዳማ አክስቷ ጋ ትኖራለች፣ ዘጠነኛ ክፍል። አይነጋገሩም። አንድ ቀን ጠዋት እሷ በእሱ ገላ ጋቢና ውስጥ ትነቃለች። እሱ በእሷ ገላ አልጋዋ ላይ፣ ለሒሳብ ፈተና ሁለት ሰዓት ሲቀረው።

እሱ አልደነገጠም። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና ትምህርት ቤት ሄደ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር።

እኔስ ከማን ጋር ልለዋወጥ? ከኡሙልኸይር ጋር ይሻለኝ ነበር። ኤሲው ያለው በእሷ በኩል ነው።

ጥር 8

ሊወስድ መጣ። አስተያየት አልጠየቀኝም። ሰጠሁት።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅቷ በአባቷ ገላ ስትነቃ ገና ጫማ ሳታደርግ 'ወይ አባቴ፣ ለካ ለእኔ እንዲህ ትለፋ ነበር!' ብላ ታለቅሳለች።"

"አዎ።"

"በሁለተኛው መሥመር?"

"ስለሚገባት ነዋ።"

"ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው አላሉም?"

ከዚያ ሌላ ጠየቅኩት። ገላ ሲለዋወጡ ከእያንዳንዳቸው ምን ይቀራል፣ ምን ይሄዳል? ሕጉ ግልጽ አይደለም። እሱ ግን ያሰበበት ነው።

"ድካም ከገላው ጋር ይቀራል። ወገብ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት... ያ ገላው ነው። ፍቅር ከሰውየው ጋር ይሄዳል።"

"ማን ነገረዎት?"

"ደራሲው እኔ ነኝ እኮ።"

ወደ ኪቦርዱ ተመለስኩ።

ጥር 18

ምዕራፍ ሁለትን ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን አዳማ ለአክስትየዋ ሰጥቶላታል። "አንድ ሾፌር የጻፈው ነው፣ አንብቢው በይልኝ" ብሎ። ማለት ልጅቷ እውነተኛ ናት። ገምቼ ነበር። ፅዮናዊት ትባላለች። ከሦስት ዓመት ወዲህ ስልኩን አታነሳም።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ምን እንደምትመስል ግን ጠየቅኩ፤ ለሥራው ይጠቅመኛል ብዬ። ከቦርሳው ፎቶ አወጣ። ሁለት የፊት ጥርስ የሌላት ልጅ ሙዝ ይዛለች።

"ይቺ ሰባት ዓመቷ ነው።"

"አዎ፣ ሰባት። ጋቢናም ውስጥ አንድ አለኝ፣ ይኸው ነው።"

"የአሁኑስ?"

"የአሁን የለኝም።"

ፎቶውን በጥንቃቄ መለሰ። ሲሄድ ኡሙልኸይር "ሰውዬው ምን አለ?" አለችኝ በፈረንሳይኛ። እየሰማች።

ጥር 21

ዛሬ ያደረግኩትን ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልናገረውም።

ምዕራፍ ሁለትን ስጽፍ ልጅቷ እንደገና አለቀሰች። እንደገና "ወይ አባቴ" አለች። እጄ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ... ግን ደብተሩ ላይ ያለውን አይደለም። የጻፍኩት ይኸ ነው፦ ልጅቷ በማግስቱም ጋቢና ውስጥ ትነቃለች። መጀመሪያ የሚያናድዳት የካልሲው ሽታ ነው። መስኮት ትከፍታለች። የፀሐይ መከላከያውን ስታወርድ የራሷን ፎቶ ታገኛለች፣ የሰባት ዓመቱን። ታየዋለች። "ይሄ ሰው የሚወደው ይቺን ነው" ትላለች። "እኔን አያውቀኝም።" ፎቶውን መልሳ ታስቀምጠዋለች። አታለቅስም።

የራሴ አባት የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከድሬዳዋ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አሻንጉሊት አመጣልኝ። አመሰገንኩት። ያኔ ምን እንደተሰማኝ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ለሰው ልጅ ጻፍኩት።

አትሜ አሸግኩት። ሳያነብ ወሰደው። ታይፒስት አይሠራውም ይሄን። አውቃለሁ።

የካቲት 2

ምዕራፍ ሦስት። ልጅቷ በአባቷ ገላ መኪናውን መንዳት ትማራለች። ፊቷን፣ ማለት የእሱን ፊት፣ የምታየው በስፖኪዮ ብቻ ነው። ግማሹን። ጥሩ ነው። ይሄንን አልነካሁትም።

ትምህርት ቤት ሳለን የፈረንሳይኛ አስተማሪያችን ሁሉንም ነገር ምሳሌ ነው ትለን ነበር። በሩ የነፃነት ምሳሌ፣ ዝናቡ የሐዘን ምሳሌ።

"ስፖኪዮው የማንነት ምሳሌ ነው፣ አይደል?" አልኩት።

"ስፖኪዮ ነው።"

"ቢሆንም..."

"እህቴ፣ ያለ ስፖኪዮ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። ትጋጫለሽ።"

"እሱን ማለቴ ነው።"

ትንሽ አሰበ። "እንደዚያ ነው የሚሉት?"

"እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"እንግዲያው ይሁን" አለ። የተደሰተ መሰለኝ።

ዛሬ ሽቶ ተቀብቼ ነበር። ስለሞቀ ነው።

የካቲት 26

ኡሙልኸይር ረመዳን ላይ ናት፣ እኔ ሁዳዴ ላይ። ሱቁ ውስጥ የሚበላው ፎቶኮፒ ማሽኑ ብቻ ነው። ዛሬም ሁለት ወረቀት በላ።

ባንቲሁን ገባ። ሰላም አላለም።

"የምን ፎቶ ነው?"

ገባኝ። ግን "የቱ?" አልኩት። ሰው እንዲህ ሲሆን ለምን "የቱ" ይላል?

"አክስቷ ደወለችልኝ። ፅዮናዊት ወረቀቱን ስታነብ ቆይታ 'ስለ ፎቶው ማን ነገረው?' ብላ ጠየቀቻት። 'ይሄን የጻፈው ሰው ማነው?' አለቻት። እኔ ስለ ፎቶ አልጻፍኩም።"

ኮፒውን ከኮምፒውተሩ አወጣሁለት። ወንበር ላይ ተቀምጦ አነበበ። ሦስቱንም ምዕራፍ። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። መሐል ላይ አንዲት ደንበኛ የጋብቻ ወረቀት ልታስገለብጥ መጣች። ገለበጥኩላት።

"ይሄ የእኔ አይደለም።"

"አይደለም።"

"ለምን?"

ይቅርታ ልል ነበር። የወጣው ሌላ ነው። "የእርስዎ ልጅቷ የምታወራው እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነው። እንደዚያ የሚያወራ ልጅ የለም።"

"ልጄን የማውቃት እኔ ነኝ።"

"ሰባት ዓመቷን።"

ያንን ማለት አልነበረብኝም። ደብተሩን አነሳና ወጣ። በሩን እንኳን አላጋጨውም። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ኡሙልኸይር በአማርኛ፣ በጠራ አማርኛ፣ "አሁን ደስ አለሽ እስከዳር?" አለችኝ።

የካቲት 27

አንድ ደብዳቤ። አንድ ውክልና። ደስ አላለኝም።

መጋቢት 9

አልመጣም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ማለት ትቻለሁ። ዛሬ አራት ጊዜ ብቻ።

ሌላ ጸሐፊ ቤት ወስዶት ይሆን? ካርቲየ ሰባት አንድ አለ። የዚያኛው ቤት ጸሐፊ "ሀ"ንና "ሐ"ን አይለይም። ይሁን። እኔ ምን ገዶኝ።

መጋቢት 17

መጣ። ደብተሩን አስቀመጠ። ከላዩ ላይ ፎቶ። አንዲት ረጅም ልጅ፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ካሜራውን በቁጣ ታያለች።

"አክስቷን ላኪልኝ አልኳት። ባያት መንገድ ላይ አላውቃትም ነበር።" ፎቶውን ወደ እኔ ገፋው። "ለሥራው ይጠቅምሻል።"

"እኔ ልቀጥል ነው?"

"አራትና አምስትን ራሴ በእጄ ጽፌ ላክሁላት። ለአክስቷ ምን አለቻት መሰለሽ? 'እነዚህን ሌላ ሰው ነው የጻፋቸው። የመጀመሪያውን ሰውዬ መልሱት።' ሰውዬ አለችሽ።"

ሳቅሁ? አልሳቅሁም። አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

ከዚያ ተስማማን። የአባትየውን ክፍል እሱ፣ የልጅቷን እኔ። በግልጽ፣ እሱ እያየው።

መጋቢት 20

ምዕራፍ ስድስትን ሳነብ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ልጅቷ በአባቷ ገላ ፒኬ 12 ፓርኪንግ ቆማ ሳለ ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ይደወላል። እናቷ ሞታለች። ከዚያ ገጹን ትገልጪያለሽ፣ ረቡዕ ማታ ድንበሩን፣ ጋላፊን፣ ታልፋለች። አዳማ ስትደርስ እናቷ ተቀብራለች።

ፅዮናዊት ስልኩን የማታነሳው ስለዚህ ነው።

ግን እኔ እዚህ አገር ነው የተወለድኩት። ከዚህ ጋላፊ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከማክሰኞ ጠዋት እስከ ረቡዕ ማታ መሐል አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቷል። ደብተሩ ላይ ፈለግኩት። ገጽ የተቀደደ መስሎኝ ክሩን ሁሉ አየሁ። አልተቀደደም።

መጋቢት 24

ጠየቅኩት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሌላ ሌላውን ሳወራ ቆይቼ።

"ማክሰኞና ረቡዕ መሐል ምን ሆነ?"

"የጉምሩክ ወረቀት ያዘኝ።"

"የምን ወረቀት? ባዶ መኪና ነው፣ ተራ እየጠበቀች ነው ብለው ጽፈዋል።"

"ለሁሉም እንደዚያ ነው ያልኳቸው" አለ። "ለአክስቷም፣ ለዘመድም። ወረቀት ያዘኝ።"

ኡሙልኸይር የምትቆጥረውን ወረቀት መቁጠር አቆመች።

"ፈራሁ" አለ። "ስልኩ እንደተዘጋ አንድ ጓደኛዬ በትንሽ መኪና ላድርስህ ብሎኝ ነበር። ማታውኑ እገባ ነበር። ቁልፉን ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ። ቆይ መጣሁ አልኩት። ጋቢና ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ከሄድኩ እውነት ይሆናል። ካልሄድኩ... አላውቅም። መሪውን ይዤ ዋልኩ። አደርኩ። ቀብሩን ለእኔ ብለው ረቡዕ እስኪመሽ አቆይተውታል። ፅዮናዊት በር ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር አሉኝ።"

ውኃ ሰጠሁት። ጠጣ።

"ይሄ ነው መጻፍ ያለበት" አልኩ።

"ውሸቴን ልትሰማ?"

"መዋሸትዎን ታውቀዋለች። የማታውቀው የት እንደነበሩ ነው።"

ይሄን ከየት አመጣሁት? ስለማውቅ አይደለም። አባቴን ስላልጠየቅኩት ይሆናል።

ሚያዝያ 2

ጽፎ አመጣው። ሁለት ገጽ። ልጅቷ በአባቷ ገላ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣለች፣ ጓደኛው ውጭ ቁልፍ ይዞ ይጠብቃል። እጇ አይንቀሳቀስም። የእሱ እጅ ነው፣ አልታዘዝ ይላታል። "ይህን ያህል የሚፈራ ገላ መሆኑን አላውቅም ነበር" ትላለች። ያንን መሥመር ራሱ ነው የጻፈው።

እዚህ ላይ ሕጉ ተበላሽቷል። ፍርሃት ከገላው ጋር ይቀራል ወይስ ከሰውየው ጋር ይሄዳል? ልነግረው ነበር። ተውኩት።

አንድም ቃል አልለወጥኩም። ፊደል ብቻ አረምኩ። ይቅር ትለዋለች የሚል ነገር የለውም። በቃ ተቀምጣለች... እዚያ ላይ ያልቃል።

"ልላከው?" አለኝ።

"እኔ ታይፒስት ነኝ።"

"አሁን ነው ታይፒስት የሆንሽው?"

ላከው።

ሚያዝያ 13

የፋሲካ ማግስት። ኡሙልኸይር ቴምር ይዛ ቤቴ መጣች። "ሾፌሩ ደወለ?" አለች። አልደወለም አልኳት። "ልጅቷስ?" እሷም አልደወለችም። ኡሙልኸይር ስድስቱንም ምዕራፍ እንዳነበበች ያወቅኩት ያኔ ነው። አማርኛ ፊደል ከየት እንደተማረች ጠየቅኳት። "አንቺ ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ?" አለች።

ታሪኩ ከታተመ ልጅቷ መብላት አለባት ብላ ደግሞ ነገረችኝ። በስድስት ምዕራፍ አንድ ጊዜ አልበላችም። እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 27

ባንቲሁን ሁለት ጊዜ አዳማ ደርሶ ተመልሷል። ወረቀቱ ለፅዮናዊት ደርሷታል። ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ለአክስቷም አላወራችም። እሱ በር ላይ ቆሞ ትንሽ ጠብቆ ሄዷል። አላንኳኳም።

"ማንኳኳት ነበረብዎት" አልኩት።

"ነበረብኝ" አለ።

ከስቷል። ሳምቡሳ ገዝቼ አንዱን ሰጠሁት፤ ለራሴ ስገዛ ነው። ሁለት ነበር የምፈልገው።

ግንቦት 11

ሙቀቱ ጀምሯል። መብራት ጠዋት ሄዶ ተመለሰ። ኡሙልኸይር ለምሳ ዕረፍት ሱቁን ልትዘጋ መጋረጃውን ስታወርድ ባንቲሁን በሩን ያዘው። ስልኩን እጁ ላይ ዘርግቶ ይዟል፣ የሚፈስ ነገር ያለበት ይመስል።

ፅዮናዊት ልካለታለች። ለአክስቷ አይደለም፣ ለእሱ። የደብተር ገጽ ፎቶ፣ አራት። ላዩ ላይ "ምዕራፍ ሰባት" ይላል።

"አንብቢልኝ።"

"ማንበብ ይችላሉ።"

"እችላለሁ። አልቻልኩም።"

ኡሙልኸይር አስገባችውና ከውስጥ ቆለፈች። ፎቶኮፒውን አጠፋችው። እንዲያ ጸጥ ያለ ሱቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። አነበብኩ።

የጻፈችው የቀብሩን ቀን ነው። እኛ ሁለታችንም ረስተነው ነበር፤ ልጅቷ በእሱ ገላ ጋቢና ውስጥ ከተቀመጠች፣ አዳማ በእሷ ገላ ውስጥ ያለው ማነው? እሱ ነዋ። ስድስት ምዕራፍ ጽፈን ይሄንን አላየነውም።

እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

"ቀብሩ ላይ በእኔ ገላ ውስጥ የቆመው አባቴ ነበር። ሰዎች 'አባትሽ የት ቀረ?' ይሉታል። እኔ ነኝ ማለት አይችልም፣ ማን ያምነዋል? ነጠላዬን ለብሷል። በር ላይ አቁመውት መንገዱን ያያል። ራሱን ነው የሚጠብቀው። እንደማይመጣ ያውቃል። ሲመሽ እናቴን ወሰዷት። አፈሩን ሲመልሱ አጠገቧ የቆመው እሱ ነው። አክስቴ እኔን መስሏት እጁን ይዛዋለች። እኔ ፒኬ 12 ነበርኩ። መሪ ይዤ። እሱ ቀርቶ አያውቅም። የቀረሁት እኔ ነኝ።"

እዚህ ላይ ውኃ ጠጣሁ። አላየኝም፣ መሬት ነበር የሚያየው።

ከመጨረሻው ገጽ ሥር ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ ተጽፏል፦ "አባ፣ ይሄ ልብ ወለድ ነው። በእውነቱ ቀርተሃል። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ገና ብዙ ጊዜ እናደዳለሁ። ደውል።"

አነበብኩለትና ስልኩን መለስኩለት። ኡሙልኸይር ናፕኪን ፈለገች፣ ስታጣ የማተሚያ ወረቀት ሰጠችው። በማተሚያ ወረቀት ዓይን አይጠረግም። ጠረገበት።

"ምን ልበላት?" አለኝ።

"ሂድ ደውል" አልኩት።

"ሂድ" ነው ያልኩት። "ይሂዱ" አላልኩም። አስተዋለ ይሆን? ኡሙልኸይር አስተውላለች።

ውጭ ወጥቶ ደወለ። ፀሐይ ላይ ነው የቆመው፣ ጥላው ሁለት እርምጃ ላይ እያለ። በመስታወቱ አየዋለሁ። መጀመሪያ እሱ አወራ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ሰማ። ራሱን ይነቀንቃል፣ ልጅቷ የምታየው ይመስል። አንድ ጊዜ "አዎ፣ ፈራሁ" ሲል በበሩ ክፍተት ሰማሁት። የመክፈቻው ሰዓት ደረሰ። ሁለት ሰዎች ፎቶኮፒ ፈልገው አንኳኩ። ኡሙልኸይር በእጇ "ዝግ ነው" አለቻቸው። ለሃያ ዓመት ሱቋን አርፍዳ ስትከፍት ታይታ አታውቅም።

ተመልሶ ገባ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ስልኩ ጆሮው ላይ የለም፣ ግን አልዘጋውም።

"ስለ አንቺ ጠየቀችኝ።"

"ምን ብላ?"

"'እኔን የሚጽፈው ማነው?' አለች። ሴት ናት አልኳት። 'ስሟ ማነው?' አለች። ራስሽ ጠይቂያት አልኳት።"

ስልኩን ዘረጋልኝ። ትኩስ ነበር፣ ከፀሐይ ይሁን ከወሬ። ከወዲያኛው በኩል የሚተነፍስ ሰው አለ። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ካሜራ የምትቆጣ ሰው።

"ሃሎ?" አለች። "ማን ልበል?"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ውክልና፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው ልጅ ጽፌያለሁ። ታች ላይ የራሴን ስም ጽፌ አላውቅም።

"እስከዳር እባላለሁ" አልኳት።